ሳይንስ በጓዳችን፦ ያ አረንጓዴ ነገር ጠላት አይደለም

ባለፈው ዕትም ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አውግተን ነበር። ዛሬ የምናወጋው ስለ ዓሣ ነው። “በዚህ በረሃ ደግሞ ምን ዓሣ አለ?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ታገሱኝ። የዓሣው ጉዳይ የውሃ ጉዳይ ነው፤ የውሃ ጉዳይ ደግሞ እዚህ ካምፕ የማይመለከተው ሰው የለም።

ነገሩ የተነሣው ከሁለት ወር በፊት ከደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለጠየቀን ስሙን ትተን ደብዳቤውን እነሆ፦

“ለሳይንስ በጓዳችን አዘጋጅ፣ ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኔ የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ። እናቴ ሻይ ቤት አላት። ለጌጥም ለደንበኛ መሳቢያም ይሆናል ብለን የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ አኳሪየም የሚሉትን፣ አስገባን። 80 ሊትር ይይዛል። ጋፒ የሚባሉ ከጣት የሚያንሱ ዓሦች አሉበት። ሲመጡ 8 ነበሩ፣ አሁን ተዋልደው ወደ 50 ደርሰዋል። ችግሬ ውሃው ነው። አንድ የማውቀው ሰው የውሃ መመርመሪያ ወረቀት ሰጥቶኝ ብነክረው ናይትሬት የሚለው ቦታ ደማቅ ቀይ ሆነ። ውሃ መቀየር አለብህ ስላለኝ በየሳምንቱ ግማሹን፣ ማለትም 2 ጀሪካን፣ እቀይራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃውን ከቦኖ የምታመጣው ታናሽ እህቴ ናት። ወረፋው እስኪደርሳት የማጠናከሪያ ትምህርቷ ያመልጣታል። እናቴ ‘ወይ ዓሣህን ሽጥ፣ ወይ እህትህን ተዋት’ ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ይህ ሳያንስ መስታወቱን አረንጓዴ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይሸፍነዋል። በየቀኑ እፍቀዋለሁ፣ በማግስቱ ይመለሳል። ከሁለቱ ችግሮች በየትኛው ልጀምር?”

ደብዳቤውን ሳነብ እናትየው ትክክል ናቸው አልኩ። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር) በመደበኛ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ውሃ ሊደርሰው ይገባል ይላል። 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ነው። ስለዚህ 2 ጀሪካን ማለት የሁለት ሰው የቀን ውሃ ነው። እሱን ለጌጥ ዓሣ ማፍሰስ፣ በዚያ ላይ የልጅቷን ትምህርት ማስቀረት፣ አይሆንም። ነገር ግን “ዓሣህን ሽጥ” ብሎ መመለስም አላስቻለኝም። እናም ሻይ ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

ልጁ ገንዳውን ሲያሳየኝ እጁን ነክሮ መስታወቱን በስፖንጅ መፋቅ ጀመረ። አረንጓዴው እንደ ጭስ እየተበተነ ውሃው ውስጥ ወረደ። “የፋቅኸውን የት ትጥለዋለህ?” አልኩት። “የትም አልጥለውም፣ ታች ይወርዳል” አለኝ። መልሱ እዚያው ተገኘ። ሁለቱ ችግሮቹ አንዱ የሌላው መድኃኒት ነው፤ እሱ ግን መድኃኒቱን በየቀኑ እየፋቀ መልሶ ለበሽታው ይሰጠዋል። አበው “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉና ከሥሩ እንጀምር።

ናይትሬት ከየት ይመጣል?

ዓሣ የሚበላው ምግብ ፕሮቲን አለበት። ፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጂን አለ። ዓሣው ለሰውነቱ የተጠቀመበት ሲቀር የተረፈውን ናይትሮጂን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ ከባድ መርዝ ነው።

ደግነቱ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎቹ ተቀብለው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው ዓሣ አምጥቶ በሳምንቱ ሞተብኝ የሚለው ይህን ሳይጠብቅ ነው።

ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ የዋህ ነው። ትንሽ ቢኖር ዓሣውን አይጎዳም። ችግሩ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ናይትሬቱን ከውሃው የሚያወጣ ከሌለ ከቀን ወደ ቀን ይጠራቀማል። ዓሣ አርቢዎች በአንድ ሊትር ውሃ ከ40 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ20 በታች እንዲሆን ይመክራሉ። ሲበዛ ዓሣው ይደክማል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ በሽታ ቶሎ ያገኘዋል።

በሙቀት ደግሞ ውሃው ይተናል። የሚተነው ግን ንጹሑ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨዉም ናይትሬቱም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን ብቻ እየሞሉ መቀመጥ እንደ ወጥ እያፈሉ ውሃ መጨመር ነው። ጨው ጨው እያለ ይሄዳል።

አረንጓዴው ምን እየሠራ ነው?

መስታወቱን የሚሸፍነው አረንጓዴ ነገር አልጌ ይባላል። በመማሪያ መጻሕፍት ዋቅላሚ ይሉታል። በትምህርት ቤት ስፓይሮጋይራ ብለን እንደ ክር አድርገን የሳልነው ከአልጌ ዘመዶች አንዱ ነው። አልጌ እንደ ማንኛውም አትክልት በፀሐይ ብርሃን ይኖራል፣ ማዳበሪያም ይፈልጋል። ናይትሬት ደግሞ ለእኛ ቆሻሻ ይሁን እንጂ ለእሱ ማዳበሪያ ነው። ገበሬ ማሳው ላይ ከሚበትነው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን፣ ከዓሣው ገንዳ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን፣ ሁለቱም አንድ ናቸው።

እንዲያውም አልጌ አሞኒያ ካገኘ ከናይትሬት በፊት አሞኒያውን ይመርጣል። ያን ጊዜ ናይትሬት ከመሠራቱ በፊት ከመንገድ ላይ ተነጠቀ ማለት ነው። ስለዚህ የልጁ ገንዳ ቶሎ ቶሎ አረንጓዴ የሚሆነው ውሃው በማዳበሪያ ስለተሞላ ነው። አረንጓዴው ሊያጸዳ የመጣ ሠራተኛ ነበር።

ታዲያ ለምን ናይትሬቱ አልቀነሰም? ምክንያቱም አልጌው ናይትሮጂኑን ያስቀመጠው በገላው ውስጥ ነው። ተፍቆ ታች ሲወርድ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ እንደገና አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ መልሰው ናይትሬት ያደርጉታል። ዓሣው ወይም ቀንድ አውጣው ቢበላውም ያው ነው፤ ከበሉት አብዛኛው በኩስና በአሞኒያ ይመለሳል። ቤት ጠርጎ ጥራጊውን ከበሩ ኋላ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው። ናይትሬቱ ከገንዳው የሚወጣው አልጌው ራሱ ከገንዳው ሲወጣ ብቻ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ።

ሒሳቡን እንሥራው

ነገሩ በግምት እንዳይቀር በ80 ሊትር ገንዳ እናስላው። የዓሣ ምግብ ፓኬት ላይ ፕሮቲን 40 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ 1 ግራም ምግብ ውስጥ ወደ 64 ሚሊግራም ናይትሮጂን አለ። ሁሉም ናይትሬት ቢሆን 280 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ለ80 ሊትር ሲካፈል በሊትር 3.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከፊሉ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ስለሚቀር ትክክለኛው ከዚህ ያንሳል።

አሁን ደግሞ ወደሚወጣው እንምጣ። የደረቀ አልጌ ክብደቱ ከ100 እጅ 4 ወይም 5 እጅ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። ስለዚህ 1 ግራም ደረቅ አልጌ ከገንዳው ስናወጣ 200 ሚሊግራም ያህል ናይትሬት አብሮ ወጣ። በ80 ሊትር ገንዳ በሊትር 2.5 ሚሊግራም ይቀንሳል ማለት ነው። እርጥብ አልጌ በእጅ ተጨምቆም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ 1 ግራም ደረቅ ለማግኘት ከ10 እስከ 20 ግራም የተጨመቀ እርጥብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የገባው ምግብና የወጣው ደረቅ አልጌ በሚዛን ሲታዩ ተቀራራቢ ናቸው። በቀን 3 ጊዜ እፍኝ ምግብ እየበተኑ በሳምንት አንዲት ቁንጥር አልጌ ቢያወጡ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ከሁሉም የሚቀለው መድኃኒት እጅን መሰብሰብ ነው። በሻይ ቤቱ ደንበኛው ሁሉ ዳቦ እየፈረፈረ ይጥልላቸው ነበር። ዓሦቹ በቀን አንድ ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ቢያገኙ ይበቃቸዋል።

ይህን ብልሃት ማን ጀመረው?

አልጌን ለውሃ ማጽጃነት በደንብ ያጠኑት ዋልተር ኤይዲ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ናቸው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠሩ ነበር። የባሕር ኮራል በገንዳ ውስጥ ለማኖር ሲሞክሩ ውሃውን በናይትሮጂን እንዳይበከል የሚጠብቀው በባሕሩ ውስጥ ያለው ራሱ አልጌ መሆኑን ተረዱ። ከዚያ ሻካራ መረብ ዘርግተው፣ ብርሃን አብርተው፣ ውሃ ሲሞላ በራሱ የሚገለበጥ ባልዲ እየተጠቀሙ እንደ ማዕበል ውሃ አፈሰሱበት። መረቡ ላይ የበቀለውን አልጌ በየጊዜው እየፋቁ አወጡት። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1982 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝተዋል። የእርሳቸው ገንዳ የጨው ውሃ ነበር፤ በጨው አልባ ውሃ የሚበቅለው የአልጌ ዓይነት ቢለይም አሠራሩ አንድ ነው። በኋላም በአሜሪካ በእርሻ ፍሳሽና በወንዝ ውሃ ላይ ሳይቀር ተሞክሯል።

እኛ ብርሃን አንገዛም። ፀሐይ ከፈለግነው በላይ አለን። መረቡም በየገበያው የሚጣል የሽንኩርት ከረጢት ነው።

እንዴት እንሥራው?

ከልጁ ጋር የሞከርነው ኤሌክትሪክ የማይፈልገውን ነው።

1. አንድ ሰፊ ሳፋ ያዙ። ሳሙና ወይም ኬሚካል ያልነካው ይሁን፤ በኦሞ የታጠበበት ሳፋ ዓሣ ይገድላል።

2. የፕላስቲክ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ቆርጣችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በሻካራ ድንጋይ አሹት፤ አልጌ ለስላሳ ነገር ላይ አጥብቆ አይይዝም። ከሳፋው ግርጌ ዘርግታችሁ ዳር ዳሩን በጠጠር አስይዙ።

3. ከገንዳው መስታወት ላይ ጥቂት አረንጓዴ ፍቃችሁ መረቡ ላይ ቀቡት። ዘሩ እሱ ነው።

4. ከገንዳው 10 ሊትር ያህል ውሃ ቀድታችሁ ሳፋው ውስጥ አድርጉ። ውሃው ጥልቅ አይሁን። አቧራና ቅጠል እንዳይገባ ስስ መረብ ወይም ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

5. ሳፋው የጠዋት ፀሐይ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ጥላ ይሁንለት። የቀትሩ ፀሐይ ውሃውን ያፈላዋል፣ አልጌውም ይሞታል።

6. በየማለዳው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረውን የሳፋ ውሃ ወደ ገንዳው መልሱ፣ ሌላ 10 ሊትር ከገንዳው ቅዱ። ይህን ቀን አትዝለሉ። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። በየቀኑ ከተቀየረ ግን የትንኝ እጭ ቢኖር እንኳ ወደ ገንዳው ሲገባ ጋፒዎቹ ለቅመው ይበሉታል። ጋፒ የትንኝ እጭ በመብላት የታወቀ ዓሣ ነው።

7. መጀመሪያ ቡናማ ልጋግ ይይዛል። ተስፋ አትቁረጡ። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ክር ይሆናል። ያን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን መረቡን አውጥታችሁ፣ ከገንዳው ራቅ አድርጋችሁ፣ ግማሹን በማንኪያ ፋቁና አስወግዱ። ሁሉንም አትፋቁ፤ ለሚቀጥለው ዘር ይቅር።

የአየር ፓምፕና ሶላር ያለው ሰው ሳፋ ሳያስፈልገው መረቡን ገንዳው ውስጥ ብርሃን በሚያገኘው በኩል አንጠልጥሎ አረፋው መረቡን እያሸ እንዲያልፍ ማድረግ ይችላል። ፈቅፎ ማውጣቱ ግን አይቀርለትም።

ውሃ መቀየር ፈጽሞ ይቀራል አላልኩም። ከላይ እንዳልነው ጨው ይጠራቀማል። ነገር ግን በሳምንት 2 ጀሪካን የነበረው ወደ ግማሽ ጀሪካን ሊወርድ ይችላል። የቦኖ ውሃ ክሎሪን ስላለው በቀጥታ አታፍስሱ። ዓሣውንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹንም ይጎዳል። አፉ በሰፋ ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይዋል ይደር፤ ክሎሪኑ ይተናል።

አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም

ይህን ካልኩ በኋላ አንዳንድ ጥንቃቄ መንገር ግዴታዬ ነው።

ውሃው ራሱ እንደ አተር ሾርባ አረንጓዴ ከሆነ አልጌው መረቡ ላይ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ተንሳፎ እያደገ ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እንደኛው ኦክስጅን ይስባል። ጎሕ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ገንዳውን ከቀጥታ ፀሐይ አርቁ፣ ብርሃኑን ለሳፋው ስጡ።

ሌላው ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው ነው። እንደ ቆዳ እየተገለፈፈ የሚነሣ፣ ክፉ ሽታ ያለው ልባስ ነው። በአወቃቀሩ ከባክቴሪያ ወገን ነው። አገር ቤት ሁለቱንም ገጽታውን እናውቀዋለን። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ሐይቅ አረንጓዴ ስሙን ያገኘው ከዚህ ወገን ከሆነው ስፒሩሊና ነው፤ ስፒሩሊና ለምግብነት የሚውል ነው። በቆቃ ሐይቅ ደግሞ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ዘመዱ እየበዛ ውሃውን አረንጓዴ ቀለም ሲያስመስለው ቆይቷል። እሱ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። በዓይን መለየት ከባድ ስለሆነ ከገንዳ የወጣ አልጌ ለሰው ምግብ አይሁን፣ ለዶሮም ለፍየልም አትስጡ።

አልጌ ይበላልኛል ብላችሁ ከወንዝ ወይም ከኩሬ ቀንድ አውጣ ለቅማችሁ አታምጡ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። የተራቡ ጋፒዎችንም ወደ ወንዝና ኩሬ አትልቀቁ፤ የአገሬውን ዓሣ ያፈናቅላሉ።

የወጣው የት ይሂድ?

የተፋቀውን አልጌ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ከገንዳው የቀዳችሁትንም አሮጌ ውሃ መንገድ ላይ አትድፉት። ያ ውሃ ማዳበሪያ ነው። በጆንያ ጎመንና ቆስጣ የምትተክሉ እናቶች ከሥሩ አጠጡት። ቅጠሉ ላይ ግን አታፍስሱ፤ ለመብልም ሲቆረጥ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። እንዲህ ከሆነ ያቺ ግማሽ ጀሪካን መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ ጎመኑን አገለገለች። ውሃዋ አልባከነችም።

ስለ ሕፃናት አንድ ቃል

ናይትሬት ካነሣን ዘንድ ለእናቶች የምነግረው አለኝ። ናይትሬት በዓሣ ገንዳ ብቻ አይገኝም። መጸዳጃ ቤት፣ የከብት በረት ወይም ማዳበሪያ የበዛበት ማሳ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ውሃ ውስጥም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሐንተር ኮምሊ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በአዮዋ ገጠር በጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ሕፃናት ከንፈራቸውና ገላቸው ሰማያዊ እየሆነ መታመማቸውን ጻፉ። ምክንያቱ ናይትሬት ነበር። በሕፃኑ ሆድ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም የሆነው በዋናነት በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናትን ለመጠበቅ ነው።

ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ናይትሬት ይጠናል። አልጌ ያለበት ሳፋም የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ አይደለም፣ ማንም እንዳይሞክረው። ለሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። የጡጦ ወተት የግድ ከሆነ ከተመረመረ የቦኖ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከወንዝ ዳር ከተቆፈረ ጉድጓድ አይሁን። የሕፃኑ ከንፈር ወይም ጥፍር ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ከሁለት ወር በኋላ

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። ደብዳቤው እንደደረሰን ወዲያው ያልመለስነው ሞክረን ለማየት ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዓሣ መቀነስ ነበር፤ ከ50ው 30ውን ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ ሰጠ። ገንዳው ላይ “ዳቦ መጣል ክልክል ነው” የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ደንበኞች ቅር ብሏቸው ነበር፣ ኋላ ለመዱት። ሳፋው ከሻይ ቤቱ ጀርባ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ወር ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ቀትር ላይ ሳፋውን ፀሐይ ላይ ረስቶት መረቡ ላይ የያዘው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሞተ። እንደገና ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት ጎራ ስል ከመረቡ ላይ የተፋቀ እፍኝ ሙሉ አረንጓዴ ክር አሳየኝ። የመመርመሪያ ወረቀቱን አብረን ነከርን። ደማቅ ቀይ የነበረው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኗል። ነጭ አልሆነም፣ መሆንም አያስፈልገውም። ዓሦቹ ይጫወታሉ። አልጌው ብቻውን ነው ይህን ያመጣው አልልም። የዓሣው መቀነስም፣ የዳቦው መቅረትም ድርሻ አላቸው። ሦስቱ አብረው ነው የሠሩት።

እትዬ ሻይ ሲቀዱልኝ “ዓሣውስ ይሁን፣ አሁን ደግሞ የሳፋ ዘበኛ ሆኗል” ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ልጅቷ ቅዳሜ ትምህርቷን ጀምራለች” አሉኝ። ግማሿን ጀሪካን አሁን የሚያመጣት ልጁ ራሱ ነው፣ እሮብ ከትምህርት መልስ፣ ወረፋው ሳሳ ሲል።

እናንተም በጓዳችሁ ያስቸገራችሁ ነገር ካለ ጻፉልን። እኛም በሚቀጥለው ዕትም የጀሪካን ውስጡን ያለ ሳሙና እንዴት ማጽዳት እንደሚቻል ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።